ከመስቀል በኋላ ያለው መጸው

የአዲስ ዓመት ደስታችን ችኩል ነው። አደይ አበባ ይቀጠፋል፣ ደመራ ይለኮሳል፤ የመስቀል ሰሞን ሲያልፍ ወቅቱም አብሮ ያለቀ ይመስለንና ዓይናችንን ወደ ገና እናሻግራለን። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን መጸው የሚገባው መስከረም 26 ቀን ነው፤ እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። እንቁጣጣሽም መስቀልም የሚውሉት ገና ክረምቱ ሳይወጣ ነው ማለት ነው። በዓሉን አክብሮ ወቅቱን የሚረሳ ሰው ደጃፉ ላይ ደርሶ እንደተመለሰ እንግዳ ነው፤ የመጸው ደስታ ያለው ቀስ እያለ በሚመጣው ለውጥ ውስጥ ነውና።

ይህን ለውጥ በዋናነት የሚያመጣው ውሃ ነው። በአውሮፓ ቅጠሉ ቀለሙን ለውጦ የሚረግፈው በአብዛኛው ቀኑ እያጠረ፣ ብርዱም እየበረታ ስለሚሄድ ነው። በአዲስ አበባ ግን በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ የሚሄደው ዝናቡ ነው። ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታዘነብል የዝናቡ መቀነት ተከትሏት ይወርዳል፤ በምትኩ ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ይገባል፣ ሰማዩም ይጠራል። በክረምት ሌሊት የምድሩን ሙቀት አፍኖ የሚያቆየው ደመና ነበር፤ እሱ ሲገፈፍ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊቱን በኖ ያልቃል። በጥቅምትና በኅዳር ቀኑ ፀሐይ ሆኖ ሳለ ማታ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ የሚመጣው፣ ደጋው ላይም ውርጭ የሚጥለው ለዚህ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው ምክንያቱን ባይተነትንም መድኃኒቱን አላጣውም።

ለውጡን በቅርብ ለማየት የመስቀል ወፍን የመሰለ የለም። ዓመት ጠፍቶ ብቅ ያለን ዘመድ «እንደ መስቀል ወፍ» እንለዋለን፤ ወፉ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ወንዱ በመራቢያው ጊዜ ቀይና ጥቁር ላባ ይለብሳል፤ ጊዜው ሲያልፍ አራግፎት እንደ ሴቷ ቡናማ ዥንጉርጉር ይሆናል። ከመንጋው ጋር ጥሬ ሲለቅም ማንም ልብ አይለውም። ላባውን በሚቀይርበት ሰሞን አስተውሎ ያየ ሰው፣ ደረቱ ላይ እዚህም እዚያም ቁራጭ ቀይ የቀረበት፣ ግማሽ ሙሽራ ግማሽ ተራ ወፍ ሊያገኝ ይችላል። ጠፋ የምንለው እኛ ማየት ስናቆም ነው። አደይም ቢሆን ቢጫው ሲረግፍ አላለቀም፤ መሀሉ ላይ ያለው ክብ ራሱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ በመሆኑ የሚቀጥለው ዓመት ዘር እዚያው ይበስላል። በዚያው ሰሞን የባቄላው እሸት ይደርሳል፤ ጤፉም ከአረንጓዴ ወደ ገለባ ቀለም ይዞራል።

«ይህ የከተሜ ቅንጦት ነው፤ ለገበሬው መጸው የጭንቀት ወቅት ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ያለወቅቱ የጣለ ዝናብ የታጨደውን ያበሰብሳል፤ በ2013 ዓ.ም. መጸው የአንበጣ መንጋ በወሎ የደረሰ ሰብል በልቷል፤ ክረምቱ ውሃ ባቆረባቸው ቆላማ ቦታዎች ወባ የሚበረታውም በእነዚሁ ወራት ነው። ነገር ግን ሰማዩን ከማንም በላይ የሚያየው ይኸው የሚሰጋው ገበሬ ነው፤ ስጋቱ ከእሸቱ ደስታ አላገደውም። ወቅትን ረጋ ብሎ ማጣጣምም የከተማ ፈጠራ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ብላ ለአበባው ለይታ፣ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን በማኅሌተ ጽጌ ስታሳልፍ ኖራለች።

ይልቅ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ይህ ሁሉ የደጋው መጸው ነው። ከመሀል አገር የሄደው የዝናብ መቀነት በመንገዱ የሚደርሰው ቦረናና ሶማሌ ክልል ነው። እዚያ መጸው የዝናብ ወቅት ነው፤ ቦረና ሐጋያ፣ ሶማሌው ደይር ይለዋል። ስለዚህ ሸዋ ላይ ጠራ ብለን የምንደሰትበት ሰማይ ቦረና ላይ የሚያስፈራ ሊሆን ይችላል። በ2013፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ሐጋያው በተከታታይ ሳይበቃ ቀርቶ፣ በመሀል የሚጠበቀው የበልጉ ዝናብም ሲከዳ፣ የቦረና አርብቶ አደር ከብቱ አልቆበታል። መሀል አገር ደግሞ በዚያው ጊዜ አዝመራ ይሰበሰብ ነበር።