አሮጌ አጥር ሲታደስ ወሰኑ አብሮ አይነቀል

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በጎዛምን፣ በስናንና በማቻከል ወረዳዎች፣ አዝመራው ተወቅቶ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ገበሬው ፊቱን ወደ አጥሩ ይመልሳል። የዘመመው አጥር በአንድ ቀን ደቦ ተነቅሎ ለማገዶ ሲወሰድ፣ በምትኩም አዲስ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ይታያል። ይህ አሠራር ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ለቤት ሥራ ወይም ለገበያ ሊውል የሚችል እንጨት ያለ አግባብ ያልቃል። ሁለተኛውና ዋናው ግን የወሰን ምልክት መጥፋቱ ነው።

የአጥር ቋሚ በቅድሚያ የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት፣ ከመሬት ጋር በሚገጥመው አንገቱ ላይ ነው። በመሆኑም ከመንቀል በፊት እያንዳንዱን ቋሚ መወዝወዝ፣ ሥሩንም አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ በቢላዋ ጫፍ መውጋት ይገባል። ቢላዋው ካልሰረገ ቋሚው በቦታው ይቆይ፤ ማገሩንና ማሰሪያውን ብቻ መለወጥ ይበቃል። የሐበሻ ጥድ ብስባሴንና ምስጥን ከባሕር ዛፍ ይልቅ ስለሚቋቋም፣ አሮጌ መስሎ ቢታይም ሳይመረመር መጣል የለበትም። አንገቱ የበሰበሰውም ቢሆን የተበላሸው ተቆርጦ ጤነኛው ለማገር ይውላል።

በጎደለው ቦታ የኮርች ጉማጅ መትከል ይቻላል። ዝናብ ሲጀምር የተተከለ ኮርች ሥር ሰዶ ሕያው ቋሚ ይሆናል፤ ቅጠሉም ለከብት መኖ ነው። ደረቅ ቋሚ ሲተከል ደግሞ አፈሩ በሚገባ ይጠቅጠቅ፤ ውሃ እንዳይቋጥርም በዙሪያው ከፍ ይደረግ።

አጥሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይነቀል። የተነቀለው ቋሚ በዚያው ጉድጓድ ከተተካ በኋላ ወደሚቀጥለው ይታለፍ። የማዕዘን ቋሚዎች ሁለቱም አዋሳኞችና የአካባቢው ሽማግሌዎች በሌሉበት አይነኩ። አንድ ክንድ የተገፋ አጥር ክረምት ሲገባ ጎረቤታሞችን ለጠብ ይዳርጋል።

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ዙር በተሰጠው ደብተር ወሰን የተገለጸው በአዋሳኞች ስም ነው። «በምሥራቅ እገሌ» የሚለው ጽሑፍ የእገሌ ማሳ የት እንደሚያበቃ አያሳይም። ለአራሹም ሆነ ለእረኛው ያንን የሚያሳየው በምድር ላይ የቆመው ምልክት ነው።

ስለዚህ የቀበሌና የማኅበር መሪዎች ደቦው ከመጠራቱ በፊት አዋሳኞቹን ጠርተው ወሰኑን በዓይናቸው ይዩ። አሮጌው ቋሚ እንጨት ብቻ ሳይሆን ምስክርም ነው።