ዶዘር የመንገድ ዳር ሲመነጥር ገበሬ ማወቅና ማድረግ የሚገባው ነገር

ማሳችሁ ከመንገድ አጠገብ የሆነ ገበሬዎች፣ አንድ ቀን ከባድ መኪና መጥቶ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ቍጥቋጦና ዛፍ ሲመነጥር ማየታችሁ አይቀርም። መጥረቢያና ገጀራ የያዙ ብዙ ሰዎች ቀናት የሚፈጅባቸውን ሥራ ዶዘር ከጧት እስከ ቀትር ይጨርሰዋል። ይህ ጽሑፍ ሥራውን ለመንቀፍ የተዘጋጀ አይደለም። መንገድ ለገበሬ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ መንገድም ሳይጸዳ አይኖርም። ነገር ግን ዛፉ ከተነሣ በኋላ ሥሩ ይዞት የነበረው አፈርና ቅጠሉ አብርዶት የነበረው ጎርፍ ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድሞ ያላሰበ ገበሬ፣ ከመንገዱ ያገኘውን ጥቅም በማሳው ይከፍለዋል።

እኔ ሥራ በጀመርሁበት ዘመን በአንድ የደጋ ወረዳ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጠጠር መንገድ በታች አንድ የገብስ ማሳ ነበረ። በመንገዱና በማሳው መካከል ዐሥር እርምጃ ያህል ስፋት ያለው የቀጋ፣ የአጋምና የወይራ ቍጥቋጦ ቆሞ ነበር። በግንቦት መጨረሻ ዶዘር መጣና ቍጥቋጦውን ከነሥሩ ነቅሎ ወደ ታች ገፋው። የማሳው ባለቤት፣ ጃርት የሚደበቅበት ጫካ ጠፋልኝ ብሎ ደስ አለው። እኔም አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ አንድ ቃል አልተናገርሁም። ክረምቱ ገባ። መስከረም ላይ ተመልሼ ስሄድ የመንገዱ ውሃ ማሳውን ለሁለት ከፍሎት፣ ቦረቦሩ የሰው ደረት ያህል ጠልቆ ነበር። ያ ገበሬ ከዚያ ወዲህ በሬዎቹን ጠምዶ መሻገር ስላልቻለ አንዱን ማሳ እንደ ሁለት ማሳ ያርሰዋል። ያን ቀን መናገር የሚገባኝን ዛሬ ለእናንተ እጽፋለሁ።

መንገድ ዳር ለምን ይመነጠራል?

ምክንያቱ አራት ነው። መጀመሪያ፣ በመታጠፊያ ላይ ቍጥቋጦ ሲበዛ ሹፌሩ ከፊቱ የሚመጣውን መኪና፣ ሰውና ከብት አያይም። ሁለተኛ፣ የትልልቅ ዛፎች ሥር ከመንገዱ ሥር እየገባ መሬቱን ያነሣዋል፤ ይሰነጥቀዋልም። ሦስተኛ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ የውሃውን ቦይና ቱቦ ይደፍነዋል፤ ውሃውም መውጫ ሲያጣ መንገዱን ይቈርጠዋል። አራተኛ፣ ጥላ የበዛበት መንገድ ከዝናብ በኋላ ቶሎ ስለማይደርቅ ጭቃው ይቈያል። ስለዚህ ምንጣሮው ሥራው ራሱ ትክክል ነው። ጥያቄው እንዴትና መቼ ይደረግ የሚለው ነው።

መኪናዎቹና ጠባያቸው

ዶዘር በብረት ሰንሰለት የሚሄድ፣ በፊቱ ሰፊ የብረት ምላጭ የተገጠመለት መኪና ነው። መካከለኛው 20 ቶን ወይም 200 ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ ትልቁ ወደ 400 ኩንታል ይጠጋል። ይህም ማለት አንድ መካከለኛ ዶዘር ከ60 በሬዎች በላይ ይከብዳል ማለት ነው። ብርታቱ ዛፍን ከነሥሩ መገንደስ ነው። ጉድለቱ ደግሞ መምረጥ አለማወቁ ነው። የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን፣ ቍጥቋጦውንና አፈሩን አንድ ላይ ይገፋል።

ግሬደር በጎማ የሚሄድ፣ ረጅሙ ምላጭ ከሆዱ ሥር የተገጠመ መኪና ነው። ሣርና ቀጭን ቍጥቋጦ ይጠርጋል፤ ቦይም ያወጣል። ለትልቅ ዛፍ አይሆንም። ነገር ግን የቦዩን ሣር በየዓመቱ እየላጨ ባዶ ካስቀረው፣ ባዶው ቦይ በዝናብ ጊዜ ይጠልቃል።

ኤክስካቫተር ረጅም ክንድና ጥርስ ያለው ባልዲ አለው። አንድ ቦታ ቆሞ፣ አንዱን ዛፍ ነቅሎ ጎረቤቱን ሳይነካ ሊተው ይችላል። በዳገትና በቦይ ዳር ከዶዘር ይልቅ ይህ ይመረጣል።

የሞተር መጋዝ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ በሰው እጅ ይያዛል። ዛፉን ይቈርጣል እንጂ ሥሩን አይነቅልም። በተዳፋት ቦታ ላይ ግን ይህ ጉድለት ሳይሆን ትልቅ ጥቅም ነው፤ ምክንያቱም ግንዱ ሄዶ ሥሩ አፈሩን እንደያዘ ይቀራል።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

1ኛ፤ ከላይኛው አፈር መገፈፍ ነው። ሰብልን የሚመግበው ጥቁር፣ ብስባሽ ያለበት አፈር አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይገኛል። የዶዘር ምላጭ ይህን በአንድ ምልልስ ሊወስደው ይችላል። ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር በሆነ የመንገድ ዳር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ቢገፈፍ፣ የተወሰደው 100 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህም ከ1,000 ኩንታል በላይ ነው። የቀረው የታችኛው አፈር ቀይ ወይም ነጭ፣ ጠንካራና መካን ስለሆነ ሣር እንኳ ለማብቀል ይቸግረዋል።

2ኛ፤ ከመሬት መጠቅጠቅ ነው። ሰንሰለቱ ክብደቱን በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ የላዩን አፈር ያን ያህል አይጎዳ ይሆናል። ጠቅላላው ክብደት ግን ወደ ታች ጠልቆ ይሰማል። ማረሻችሁ ከ15 ሳንቲ ሜትር ብዙም ስለማይጠልቅ፣ ከዚያ በታች የተጠቀጠቀውን አፈር በእርሻ ማላላት አይቻልም። መሬቱ እርጥብ ሲሆን፣ ይልቁንም መረሬ አፈር ሲሆን፣ ጉዳቱ ይብሳል።

3ኛ፤ ከውሃ ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። የመንገድ ገጽ ውሃን እምብዛም አያሰርግም። ስፋቱ 7 ሜትር በሆነ መንገድ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ የወረደው ውሃ 210,000 ሊትር ነው። ይህም ከ1,000 በርሜል በላይ ነው። አብዛኛው በቦይ ተሰብስቦ በጥቂት ቱቦዎች ወደ ታች ይለቀቃል። በቱቦው አፍ ላይ ሣርና ቍጥቋጦ ካለ ውሃው ተበትኖ ይበርዳል። ባዶ መሬት ከሆነ ግን ይቈፍራል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1985 እና በ1986 ዓ.ም ከመቀሌ ወደ ዐድዋ የሚወስደው መንገድ ከተሠራ በኋላ፣ ተመራማሪዎች 6.5 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ክፍል አጥንተው ነበር። ከዚያ መንገድ ሥር ወዲያውኑ 9 አዳዲስ ቦረቦሮች፣ ከ100 እስከ 500 ሜትር ራቅ ብሎም ሌሎች 7 እንደተፈጠሩ አገኙ። በመንገዱ በራሱ ላይ የደረሰው ጉዳት ጥቂት ነበር። ጉዳቱ የወደቀው ከመንገዱ በታች ባለው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ መንገዱ ደኅና መሆኑን አይታችሁ ማሳችሁም ደኅና ነው አትበሉ።

4ኛ፤ ከአረም ዘር ነው። በሰንሰለትና በጎማ የተጣበቀ ጭቃ የቅንጨ አረምን ዘር ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላው ያደርሳል። አዲስ የተገለጠ መሬት ደግሞ ለዚህ አረም የተመቸ ነው።

መኪናው ከመምጣቱ በፊት

ምንጣሮ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ እንደሰማችሁ ወደ ቀበሌ ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ቀኑ መቼ ነው? ስፋቱ ከመንገዱ መካከል ስንት ሜትር ነው? የምንጣሮው አፈርና እንጨትስ የት ይጣላል? ወሰኑ በችካል እንዲታይ አድርጉ።

ቀጥሎ ዛፎቻችሁን ቍጠሩ። የዛፉን ዓይነት፣ ብዛቱንና ውፍረቱን ጽፋችሁ፣ ጎረቤትና የቀበሌ ሰው ባለበት ፈርሙበት። ስልክ ያለው ፎቶግራፍ ያንሣ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ በላዩ ላይ ላለው ንብረት ካሣ እንዲከፈል አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ያዝዛል። ነገር ግን በራሳችሁ ይዞታ ላይ የቆመ ዛፍና በመንገዱ ክልል ውስጥ የበቀለ ዛፍ አንድ ስላልሆኑ፣ ወሰኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ዶዘር ካለፈ በኋላ ያልተቈጠረ ዛፍ ምስክር የለውም።

ከዚያ ከመንገድ ሠራተኞቹ ጋር እየሄዳችሁ የሚቀሩትን ዛፎች በኖራ ምልክት አድርጉባቸው። የሹፌር ዓይን የማይጋርዱ፣ የዳገቱን አፈር የያዙ ወይራና ግራር ቢቀሩ መንገዱንም ይጠብቃሉ። በተዳፋት ላይ ያለውን ዛፍ ‹ይቈረጥ እንጂ አይነቀል› ብላችሁ ለምኑ።

ስለ ጊዜው ደግሞ፣ መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ያለው ወቅት ይመረጣል። ሰብል የለም፤ አፈሩም ደርቋል። መድረቁን ለማወቅ ከአንድ ክንድ ጥልቀት አፈር አውጥታችሁ በእጃችሁ ጨብጡት። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ገና ነው፤ ከተፈረፈረ ግን መኪናው ሊገባ ይችላል። በግንቦትና በሰኔ ቢመጣ፣ ቢያንስ ተዳፋቱንና የቱቦውን አፍ እስከ በጋ እንዲተውላችሁ በቀበሌው በኩል ጠይቁ።

መኪናው በሥራ ላይ ሳለ

ልጆችንና ከብቶችን አርቁ። ከሚወድቀው ዛፍ ቢያንስ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ያህል ራቁ። ነጂው ከምላጩ ሥርና ከኋላው ያለውን ሰው ላያይ ይችላል፤ ስለዚህ እንጨት ለመልቀም ከመኪናው ኋላ መሄድ ሞትን መጥራት ነው። ተዳፋት በሆነ ቦታ ከመኪናው በታች ማንም አይቁም፤ ግንድ ይንከባለላል።

ነጂው ሥራ ሳይጀምር በአክብሮት ቀርባችሁ ሦስት ነገር አስታውሱት። አንደኛ፣ በሰንሰለቱ ላይ ያለውን ጭቃ ከማሳችሁ ርቆ ያራግፍ። ሁለተኛ፣ የላይኛውን ጥቁር አፈር ከታችኛው ሳይቀላቅል ለብቻው ይከምር። ሦስተኛ፣ ቍጥቋጦውን ወደ ቦይና ወደ ወንዝ አይግፋ፤ የዳገቱን ወገብ ተከትሎ አግድም ይደርድር። ነጂው የታዘዘውን የሚሠራ ሰው ነውና፣ ኀላፊው በቦታው ሳለ መነጋገር ይበልጣል።

መኪናው ከሄደ በኋላ

የእናንተ ሥራ የሚጀምረው አሁን ነው። እስከ መጀመሪያው ዝናብ ያለው ጊዜ ጥቂት ነው።

ሀ) ለብቻው የተከመረውን ጥቁር አፈር በተላጨው ቦታ ላይ መልሳችሁ በትኑ። መሬቱ ከተጠቀጠቀ በዶማ አላሉት።

ለ) ቅርንጫፉን አታቃጥሉ። በትንንሽ ቦረቦሮች ላይ ችካል ተክላችሁ በቅርንጫፍ ክትር ሥሩ። የክትሩ መካከል ከሁለቱ ዳር ዝቅ ይበል፤ አለዚያ ውሃው በጎን ዞሮ ይቈርጣል። የታችኛው ክትር ጫፍ ከላይኛው ክትር ሥር ጋር ትክክል ይሁን።

ሐ) በቱቦው አፍ ላይ ድንጋይ ደርድሩ። ከዚያ ውሃውን እንደ አቅማችሁ ወደ እርከን፣ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ግጦሽ መሬት ምሩት። በትግራይና በአማራ ክልል የመንገድን ጎርፍ እንዲህ እየመሩ ለከብትና ለአትክልት የሚጠቀሙበት ገበሬዎች አሉ። ጠላት የነበረው ውሃ ሲመራ ወዳጅ ይሆናል። ነገር ግን ከማሳችሁ አውጥታችሁ ወደ ጎረቤት ማሳ አትልቀቁት። ከመንገዱ በታች ያላችሁ ሁሉ ተማክራችሁ አንድ መውረጃ አብጁ።

መ) ዝናቡ ሲጀምር በቦዩ ዳር የደሾ ሣር ወይም ቬቲቨር በመስመር ትከሉ። ሣሩ የሹፌርን ዓይን አይጋርድም፤ ደሾው ደግሞ ታጭዶ ለከብት ይሆናል። ሥሩም የሄደውን ቍጥቋጦ ሥራ ይሠራል።

ሠ) ጉቶውን ተመልከቱ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ወይራም እንዲሁ። ጽድ ግን አንዴ ከተቈረጠ አያቈጠቍጥም፤ ስለዚህ ሳይቈረጥ ልመናችሁ ይቅደም። በአፋርና በድሬዳዋ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የወያኔ ዛፍ ወይም ፕሮሶፒስ የሚሉትን ከመሬት በላይ ቈርጣችሁ ጠፋ አትበሉ። ከመሬት በታች ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ገብታችሁ ካልቈረጣችሁት በብዙ ቡቃያ ይመለሳል። ፍሬውንም ከብት እንዳይበላው ሰብስቡ፤ ዘሩ በፋንድያ ይዛመታልና።

ረ) በተገለጠው ቦታ ላይ ቅንጨ አረም ካያችሁ፣ ሳያብብ እጃችሁን ሸፍናችሁ ከነሥሩ ንቀሉት።

ለልማት ሠራተኞች

በቀበሌያችሁ የሚያልፈውን መንገድ ከክረምት በፊት በእግራችሁ ሂዱበት። የእያንዳንዱን ቱቦ አፍ፣ ከሥሩ ያለውን ማሳና የባለቤቱን ስም በደብተራችሁ ጻፉ። የምንጣሮው ቀን ሲቈረጥ ከመንገድ ሠራተኞቹ ጋር የምትነጋገሩት ይህን ደብተር ይዛችሁ ነው። ገበሬው ጃርቱ ስለ ጠፋለት ደስ ሲለው፣ እናንተ ውሃውን አስታውሱት። ዝም ማለት በክረምት ምን ያህል እንደሚያስከፍል እኔ አይቻለሁ።

ማሳሰቢያ

ከዚህ ሁሉ ሌላውን ብትረሱ እነዚህን አራቱን ያዙ። ዛፉን ቍጠሩ፤ በተዳፋት ላይ ይቈረጥ እንጂ አይነቀል፤ ጥቁሩ አፈር ለብቻው ይቀመጥ፤ የውሃው መንገድ ከዝናቡ በፊት ይበጅ። ዛሬ በአንድ ቀን ሥራ የሚዘጋ የውሃ ፈለግ በመስከረም አንድ ቀበሌ ሕዝብ ወጥቶ የማይደፍነው ገደል ይሆናል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ይሠራል።