ፀጉር ለማስተከል ያሰባችሁ እህቶች፣ መጀመሪያ ሹሩባውን አላሉት

ትምህርት ሲዘጋ ከካኩማ ሙቭመንት ፓስ አውጥቼ ናይሮቢ ሄድኩና ኢስሊ የአክስቴ ልጅ ጋ አረፍኩ። ቤት ውስጥ እንኳ ሻሿን አታወልቅም። በሦስተኛው ቀን ማታ ፈታ አሳየችኝ። ከጆሮዋ ከፍ ብሎ፣ በግንባሯ ግራና ቀኝ ፀጉሩ ሁለት ጣት ያህል ሸሽቷል። «አስተክላለሁ፤ ወንድሜ ከውጭ ብር ሊልክልኝ ነው» አለችኝ። አብሬያት ክሊኒክ ሄድኩ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ካምፕ ውስጥም ይህን በሻሽ የሚሸፍኑ ስላሉ እዚያ የሰማሁትንና በኋላ ያነበብኩትን ልጻፍላችሁ።

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቋት ስለ ብር አይደለም። «ሹሩባ ስንት ዓመት ተሠራሽ?» አሏት። ናይሮቢ ከገባች ጀምሮ በየወሩ ኬንያታ ማርኬት ትሠራለች። ቦታውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሦስት ሴቶች አንድ ራስ ከበው ይጎነጉናሉ፣ ቅጥል ፀጉር ይጨመርበታል፣ ማታ ፓናዶል ተውጦ ይተኛል። ጥፋቱ የሠሪዎቹ ብቻ አይደለም፤ «ጠበቅ አድርጊው፣ ይቆይልኝ» የምንለው እኛው ነን።

ሥሩ ሲጎተት ሲጎተት ይቆጣል፣ ብጉር ያወጣል፣ ፀጉሩ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። የግንባር ዳር ፀጉር ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። በ2007 በወጣ የኬፕታውን ጥናት ከተመረመሩት አዋቂ ሴቶች ሲሶ የሚጠጉት ይህ ነበረባቸው። እንግዲህ ብቻችንን አይደለንም።

መትከል ሲባል አዲስ ፀጉር ይፈጠራል ማለት አይደለም። ከራስ ኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ያለው ተነቅሎ ወደ ፊት ይዞራል። ወይ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ ተቆርጦ ቦታው ይሰፋል፣ ወይም አንድ ሚሊሜትር ገደማ በሆነ መሣሪያ ሥሩ አንድ በአንድ ይወጣል። ከባዱ ነገር የግንባር ጥግ ላይ ነው። እዚያ የሚበቅለው ፀጉር ቀጭን ነው፣ ቆዳው ላይ ይተኛል፣ ወደ ፊትና ወደ ታች ያጋድላል። የኋላው ደግሞ ወፍራም ነው፤ ከአንድ ቀዳዳ ሁለት ሦስት ሆኖም ይወጣል። ስለዚህ ለጥጉ ነጠላ ነጠላው ተመርጦ፣ አንግሉ ተጠብቆ፣ መስመሩም ትንሽ ወጣ ገባ ሆኖ መተከል አለበት። ቀጥ ብሎ ከቆመ ብሩሽ ይመስላል፣ ማንም ያውቅብሻል። ከርዳዳ ፀጉር ሥሩም ከቆዳ በታች ጠማማ ነው፤ ልምድ የሌለው ሰው ሲያወጣው ይቆርጠዋል። ቁስላችሁ ሲድን የሚያብጥ ጠባሳ የሚያወጣባችሁ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ከተተከለ በኋላ በሳምንታት ውስጥ አብዛኛው ይረግፋል። ብዙ ሰው «ተበላሁ» ብሎ የሚደነግጠው ያኔ ነው፤ ግን ሥሩ አለ፣ ከሦስት አራት ወር በኋላ ማብቀል ይጀምራል፣ ሙሉ መልኩ የሚታየው ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በዚህ መሀል ተመልሳችሁ ጥብቅ ሹሩባ ከተሠራችሁ የወንድም ብር አብሮ ይነቀላል።

ሐኪሟ መብራት ባለው ማጉያ ካዩ በኋላ «አሁን አልተክልም» አሏት። በዳር ላይ ቀጫጭን ፀጉር ስለቀረ በግራ በኩል ሥሩ ገና አልሞተም። ቆዳው አንጸባርቆ፣ የፀጉር ቀዳዳው ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ሹሩባውንም፣ በሙጫ የሚለጠፍ ዊጉንም ተዪ፣ ስድስት ወር ቆይተሽ ነይ አሏት። የሚቀባ ሚኖክሲዲልም አዘዙላት፤ እርጉዝ ወይም የምታጠባ ከሆነች ግን አይሆንም ብለው።

ከዚያ በፊት የሄደችበት ሌላ ቦታ (ስሙን አልጠራም) ራሷን ሳያዩ ቀብድ ጠይቀዋት ነበር። የኬንያ የሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች ምክር ቤት የተመዘገቡትን ሐኪሞች ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ አውጥቷል፤ በስልካችሁ ስም አስገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ለመልክ የሚሠራ ስለሆነ ግን ከካምፕ ሪፈራል አትጠብቁ።

ካኩማ ስመለስ ክፍሌ ውስጥ አዲስ ሹሩባ የተሠራች ተማሪ ግንባሯ ተወጥሮ፣ አንገቷን ማዞር አቅቷት አየሁ። እናቷን አስጠርቼ «እትዬ፣ የፊቱን ብቻ አላሉላት» አልኳቸው። ሳቁብኝ፣ ግን አላሉላት።

የአክስቴ ልጅ በስድስተኛው ወር ፎቶ ላከችልኝ። በግራ በኩል ለስላሳ ፀጉር ወጥቷል። በቀኝ በኩል ምንም የለም። የቀኙን ለማስተከል ቀጠሮ ይዛለች፣ ወንድሟም ከታሰበው ግማሹን ብቻ ነው የሚልከው።