የሐረና ደን፦ የምናየው ተአምርና የተጣለብን አማና

ለዓለማት ጌታ ለአላህ ምስጋና የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ቅዱስ ቁርኣን ሰው ዓይኑን ከፍቶ እንዲመለከት ደጋግሞ ይጠራዋል። በሱረቱል ጋሺያ ግመል እንዴት እንደተፈጠረች፣ ሰማይ እንዴት ከፍ እንዳለ፣ ተራሮች እንዴት እንደተተከሉ፣ ምድርም እንዴት እንደተዘረጋች እንድናስተውል እንጠየቃለን። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ልጆቻችን የዱር አራዊትን የሚያውቋቸው በቴሌቪዥን መስኮት ነው። የሌላውን ዓለም ደን ስም በቃላቸው ሲጠሩ በገዛ ሀገራቸው ያለውን ግን ሰምተውትም አያውቁም። በዚህ እትም አንባብያንን ወደ አንዱ፣ ወደ ባሌው የሐረና ደን ይዘን እንጓዛለን። የጉዞው ባልደረቦች የአንድ መድረሳ ተማሪዎች፣ ጥቂት ወላጆችና እኛ መምህራን ነበርን።

ሐረና የት ነው?

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው በ1960ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ ነው። ስፋቱ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ሪያድ ላይ በተካሄደው ስብሰባ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በፓርኩ መካከል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተንጣለለው የሳነቴ አምባ ይገኛል። ከአምባው ላይ የሚነሣው ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትር ከሀገራችን ከፍተኛ ተራሮች አንዱ ነው። አምባው በደቡብ በኩል በድንገት ቁልቁል ይወርድና ከዚያ ሐረና ይጀምራል። ደኑ ከ3,000 ሜትር በላይ ጀምሮ እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ይዘልቃል። በሀገራችን ከቀሩት እርጥብ የሐሩር ደኖች ከታላላቆቹ አንዱ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ በሻሸመኔ አድርጎ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወደሚገኝበት ወደ ዲንሾ፣ ከዚያም ወደ ሮቤና ጎባ ይዘልቃል። ከጎባ ቀጥሎ መንገዱ ሽቅብ ነው።

ሽቅብና ቁልቁል

ከመነሣታችን በፊት ሱንናውን ተከትለን ከመካከላችን አንድ አሚር መረጥን። የነቢዩ ባልደረቦች በጉዞ ላይ ዳገት ሲወጡ ተክቢራ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ተስቢሕ ያደርጉ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ.) ማስተላለፋቸውን ለልጆቹ ነገርናቸው። ለዚህ ሱንና ከጎባ እስከ ሐረና ካለው መንገድ የተሻለ ቦታ የሚገኝ አይመስለንም። እስከ ሳነቴ ድረስ «አላሁ አክበር»፣ ከሳነቴ ወዲያ «ሱብሓነላህ» እያልን ተጓዝን።

ሳነቴ ላይ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። እዚያ ከባሌ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኘው ትልቁ ፍልፈል ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። ቀይ ቀበሮም እርሱን ለመያዝ አድብታ ትጠብቃለች። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ስትሆን ቁጥሯ በጠቅላላው ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩትም በባሌ ነው። እኛ ያየናት አንዲት ብቻ ነች፤ ለአፍታ ዞር ብላ ተመለከተችንና መንገዷን ቀጠለች።

ከአምባው ጫፍ ቁልቁል ስንመለከት ደኑ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። ወረድን። ብርዱ ቀስ በቀስ ለቀቀን፤ የቁጥቋጦው ስፍራ ለኮሶ ዛፎች ቦታውን አስረከበ። ከኮሶው ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጺም የተንጠለጠለ ሽበት ይንዠረገጋል። ግንዱን ሁሉ ሙጭልጭ ያለ አረንጓዴ ሽበት አልብሶታል። ሪራ የምትባለውን መንደር አልፈን በእግር መጓዝ ስንጀምር ቀርከሃው፣ ከዚያም ዝግባውና ሌሎቹ ግዙፍ ዛፎች ተቀበሉን።

በደኑ ውስጥ ያሉ ኡመቶች

በሱረቱል አንዓም 38ኛው አንቀጽ በምድር ላይ የሚንቀሳቀሱትም ሆኑ በክንፎቻቸው የሚበሩት ሁሉ እንደኛው ኡመቶች መሆናቸውን አላህ (ሱ.ወ.) ያስተምረናል። ይህን አንቀጽ በሐረና የሚጓዝ ሰው በዓይኑ ያየዋል።

መጀመሪያ ያገኘናቸው ጉሬዛዎች ናቸው። ጥቁር ሰውነታቸው ላይ ነጭ ካባ የደረቡ ይመስላሉ። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወረወሩ ካባው በአየር ላይ ይዘረጋል። ልጆቹን በጣም የገረማቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ሰውነቱ በሙሉ ነጭ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ጉሬዛ አውራ ጣት የሌለው ያህል መሆኑ ነው፤ አራቱ ጣቶች ቅርንጫፍ ለመንጠልጠል እንደ መንጠቆ ያገለግሉታል። ሆዱም እንደሚያመሰኳ እንስሳ በክፍል በክፍል የተሠራ በመሆኑ ሌላው የማይፈጨውን ቅጠል ይፈጫል።

ከቀርከሃው ውስጥ ደግሞ የባሌ ጦጣ ትኖራለች። ይህች ጦጣ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም፤ በሀገራችንም የምትገኘው በባሌና በሲዳማ ደጋዎች ነው። ከምግቧ አብዛኛው የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው። ስለዚህ ቀርከሃው ከተመነጠረ የእርሷ ቤትም ጓዳም አብሮ ይጠፋል። ሌሎች ጦጣዎች ያገኙትን በልተው ሲኖሩ፣ እርሷ ግን ሲሳይዋ ከአንድ ተክል ጋር የተሳሰረ ነው።

አንድ ወጣት ጦጣዎቹ እንዲንቀሳቀሱለት ብሎ ድንጋይ አነሣ። ወዲያው አሚራችን እጁን ያዙትና ስለ ወፊቱ የሚናገረውን ሐዲስ አስታወሱት። ሶሓባዎች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ወፍ ጫጩቶችን ወሰዱ፤ እናቲቱም ክንፎቿን እያርገበገበች መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ባዩ ጊዜ ማን በልጆቿ እንዳስጨነቃት ጠይቀው እንዲመልሱላት አዘዙ። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ወጣቱ ድንጋዩን ጣለ። ከዚያ በኋላ ዝም ብለን ስንቀመጥ ጦጣዎቹ ራሳቸው ወደ ቅርባችን መጡ። አራዊትን ለማየት የሚሻ ሰው ትልቁ መሣሪያው ዝምታና ሰብር መሆኑን ሁላችንም ያን ጊዜ ተረዳን።

ድኩላ ከቁጥቋጦ ሥር ብቅ ብላ ጠፋች። አረንጓዴ ላባዋ ከቅጠሉ ጋር የሚመሳሰል አንዲት ወፍም ስትበር ክንፏ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ታየ፤ ይህ ቀለም መዳብ ያለበት ሲሆን በእርሷ ዘመዶች ላይ ብቻ የሚገኝ ነው። አንበሳና ነብር በሐረና ቢኖሩም እኛ አላየናቸውም። ነገር ግን መሬት ላይ የታተመ አንድ ትልቅ ዱካ ለማንቃት በቂ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ከመስመር አልወጡም።

ቂብላችን ወደ ተራራው

ዙህር ሲደርስ ከአንድ ጅረት ዳር ውዱእ አደረግን። ሰማዩ በቅጠል ስለተሸፈነ ፀሐይ አትታይም። ሆኖም በባሌ ቂብላን ማወቅ ቀላል ነው። መካ የምትገኘው በ39.8 ዲግሪ ገደማ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው፤ የባሌ ተራሮችም በዚያው መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኮምፓስ ሰሜንን ካሳየ ቂብላ እርሱ ነው። ሐረና ከሳነቴ በስተደቡብ ስለሆነ ሙሳፊር ሆነን ሰላታችንን ስናሳጥር ፊታችን ወደ ተራራው ነበር። ውዱእ ያደረግንበት ውሃም ከዚያው አቅጣጫ ይወርዳል።

ይህ ውሃ የት ይሄዳል? ከሐረና የሚወጣው ወልመል ወደ ገናሌ ይገባል። ገናሌ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆንና ሶማሊያን አቋርጦ ሕንድ ውቅያኖስ ይደርሳል። ከባሌ ተራሮች የሚነሡት ወንዞች በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ቆላ ለሚኖር 12 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ እንደሚጠቅሙ ይገመታል። እዚህ ዛፍ ሲወድቅ፣ እዚያ በረሃ ላይ ያለ የግመል እረኛ ይጠማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭጋጉ ሽበቱ ላይ ያርፍና ይንጠባጠባል። የዝናቡን ጉልበት ቅጠሉ ይሰብረዋል። ከሥር የተነጠፈው የረገፈ ቅጠል እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል፤ ሥሩ ወደ ጥልቁ ያሳልፈዋል። ውሃውም በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቀቃል። ዛፉ ሲጠፋ ያው ዝናብ በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ደረቅ አሸዋ ይሆናል። በሱረቱል ሙእሚኑን 18ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ውሃን ከሰማይ በልክ አውርዶ በምድር ውስጥ እንዳስቀመጠው፣ ሊወስደውም ቻይ መሆኑን ያስታውሰናል። ደኑ የዚህ ማስቀመጫ አንዱ ሰበብ ነው።

«ይህ ዛፍ ልጅ የለውም»

በሁለተኛው ቀን መንገድ የመሩን አንድ የአካባቢው አባት ነበሩ። ንግግራቸው በኦሮምኛ ስለነበር ከተማሪዎቻችን አንዱ አስተረጎመልን። በዝቅተኛው የደኑ ክፍል ቡና ማንም ሳይተክለው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። በ15ኛው ምእተ ዓመት የየመን ሱፊዮች ለሌሊት ዚክር ይነቁበት የነበረው ቡና የመጀመሪያ አገሩ እንዲህ ያለው የኢትዮጵያ ደን ነው። ከረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ንቦች በተራሮች፣ በዛፎችና ሰዎች በሚሠሩላቸው ነገር እንዲቀመጡ በሱረቱ ነሕል የተነገረውን ልጆቹ በቃላቸው ቀሩት።

ሁላችንም አንገታችንን ቀና አድርገን ቀፎና ጉሬዛ ስንፈልግ አባታችን ሣቁ። «ልጆቼ፣ እናንተ የምታዩት ወደ ላይ ነው። እኔ የማየው ወደ ታች ነው» አሉ። ከዚያም ሁለት ቦታ ጎን ለጎን አሳዩን። በአንደኛው ከቡናው መካከል የዝግባና የሌሎች ዛፎች ችግኝ ጉልበት ያህል አድጎ ቆሟል። በሁለተኛው ቡናው እንዲያፈራ ከሥሩ ያለው ሁሉ ተመንጥሮ ንጹሕ ሆኗል። ከላይ ያሉት ግዙፍ ዛፎች ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ናቸው። ከሩቅ የሚያይ ልዩነቱን አያውቅም።

በሁለተኛው ቦታ ያለውን ትልቅ ዛፍ በእጃቸው መታ እያደረጉ «ይህ ዛፍ ልጅ የለውም» አሉን።

በእውነት ትልቅ ትምህርት ነው። ደን የሚሞተው በመጥረቢያና በእሳት ብቻ አይደለም። ችግኙ በየዓመቱ ከታጨደ ትልልቆቹ ዛፎች አርጅተው የሚወድቁበት ቀን ይመጣል፤ ያኔ የሚተካ የለም። መስጊዱ በሽማግሌዎች ተሞልቶ ልጆች ያልተማሩበት መንደርም እንዲሁ ነው። ዛሬ ሰፉ ሙሉ ይመስላል፤ ነገ ግን ኢማም የሚሆን ይታጣል።

ይህን ስንል በአካባቢው ነዋሪ ላይ ጣታችንን ለመቀሰር አይደለም። ቡናው ለብዙ ቤተሰብ የዓመት ልብስና የልጆች ደብተር ነው። ደግሞም በባሌ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ከመንግሥት ጋር ስምምነት ተፈራርመው ደናቸውን የሚጠብቁበትና የሚጠቀሙበት አሠራር አለ። አባታችንም ቡናቸውን ሲያርሙ በየጥቂት እርምጃው የዛፍ ችግኝ እየለዩ ይተዋሉ። «ትንሽ ቡና ይቀርብኛል። የልጅ ልጄ ግን ጥላ ያገኛል» አሉን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት አስተምረዋል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። በቅሎ ያገኙትን ችግኝ ለአላህ ብሎ መጠበቅም የዚሁ በጎ ሥራ ወንድም ነው ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ለሚጓዙ ቤተሰቦች

ወደ ሐረና ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ምክር እንለግሳለን።

አንደኛ፣ ከፓርኩ ፈቃድና አስጎብኚ ሳትይዙ ወደ ደኑ አትግቡ። ልጆችን በመካከል አድርጉ።

ሁለተኛ፣ ወፍራም ልብስና የዝናብ ካፖርት ያዙ። ጫማችሁን በውዱእ ካጠለቃችሁት ሙሳፊር ሦስት ቀን ከነሌሊቱ በላዩ ላይ ማበስ እንደሚፈቀድለት አስታውሱ፤ በብርድ አገር ታላቅ እዝነት ነው።

ሦስተኛ፣ አራዊትን አትመግቡ፣ አትጥሩ፣ አታባርሩ። ማለዳና ከዐስር በኋላ በብዛት ስለሚታዩ ጉዟችሁን በዚያው ልክ አድርጉት።

አራተኛ፣ በውሃ ዳር፣ በመንገድና ሰዎች በሚያርፉበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋል። ላስቲክና ጠርሙስ ጥሎ መሄድም ለአላፊ አግዳሚው አዛ ነው። አዛን ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ነው። ይዛችሁ የገባችሁትን ይዛችሁ ውጡ።

አምስተኛ፣ ቡናና ማር ከነዋሪዎቹ ግዙ። ደኑ ቆሞ የሚያበላቸው ሰዎች ደኑ እንዲወድቅ አይሹም።

መሄድ ያልቻላችሁም አትዘኑ። በግቢያችሁ ወይም በመስጊዳችሁ ቅጥር አንድ ዛፍ ትከሉ፤ ይበልጥም ደግሞ እስኪጸድቅ ድረስ ውሃ አጠጡት። ብዙ ችግኝ የሚሞተው ከተተከለ በኋላ የሚጠይቀው ሲያጣ ነውና። ልጃችሁ ስሙን አውቆ፣ ዕድሜውን ቆጥሮ ይጠብቀው።

አላህ (ሱ.ወ.) ፍጥረቱን አይተው ከሚያስተነትኑት፣ የተሰጣቸውንም አማና ለሚመጣው ትውልድ ሳያጎድሉ ከሚያስረክቡት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።