የኔትወርክ ሁለተኛ ዲግሪ ምን ያስተምራል?

በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ወይም በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ተመራቂ ስለ ኮምፒውተር ኔትወርክ መሠረታዊውን ነገር ተምሯል፤ ራውተር መረጃን ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚያሻግር፣ ስዊች ደግሞ በአንድ ግቢ ያሉ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ መሣሪያ መሆኑን ያውቃል፤ አድራሻ መመደብም ሆነ ኬብል መዘርጋት አይቸግረውም። የመሣሪያ አምራቾች የሚያዘጋጁትን የሙያ ብቃት ፈተና፣ ለምሳሌ የሲስኮን ሲሲኤንኤ፣ ካለፈ ደግሞ የአንድን ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ኔትወርክ አቋቁሞ ሊያስተዳድር ይችላል። ከዚህ የተነሣ የሁለተኛ ዲግሪው ትምህርት የዚሁ ክህሎት ተቀጥላ፣ ማለትም ተጨማሪ መሣሪያና ተጨማሪ ትእዛዝ የማወቅ ጉዳይ ተደርጎ ሲታሰብ ይታያል። ይህ ግን ትምህርቱን አለመረዳት ነው። የሙያ ፈተናው መሣሪያው እንዴት እንደሚዋቀር ሲጠይቅ፣ የድኅረ ምረቃው ትምህርት በትክክል የተዋቀረ ኔትወርክ ለምን እንደሚዘገይ፣ ለምን እንደሚጨናነቅና ለምን እንደሚወድቅ ይጠይቃል፤ መልሱም በልኬትና በሒሳብ ካልተደገፈ አይቀበለውም።

ልዩነቱ በአንድ ስሌት ሊታይ ይችላል። በኢንተርኔት የሚተላለፍ መረጃ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ የሚጓዝ ሲሆን፣ ፓኬቶቹ ሳይጎድሉና ቅደም ተከተላቸው ሳይዛባ መድረሳቸውን የሚቆጣጠረው ቲሲፒ የተባለው ፕሮቶኮል፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት የደንብ ስብስብ ነው። ላኪው ከተቀባዩ የመድረሻ ማረጋገጫ ሳያገኝ ሊልክ የሚችለው የመረጃ መጠን መስኮት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ደንብ ለመስኮቱ መጠን የተመደበው ቦታ 16 ቢት ብቻ ስለነበረ መስኮቱ ከ65,535 ባይት ሊበልጥ አይችልም ነበር። በዚህ ደንብ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ፋይል ይላካል እንበል፤ የደርሶ መልሱ ጊዜ፣ ማለትም ፓኬቱ ሄዶ ማረጋገጫው እስኪመለስ የሚወስደው፣ 100 ሚሊሰከንድ ቢሆን ላኪው በአንድ ሰከንድ የሚያስተላልፈው አሥር መስኮት ብቻ ነው፤ ይህም በሰከንድ 5.2 ሜጋቢት ገደማ ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ የመስመሩን አቅም ከ10 ወደ 100፣ ከዚያም ወደ 1,000 ሜጋቢት ቢያሳድግና ወርኃዊ ክፍያው ቢንር እንኳ ፋይሉ ቀድሞ አይደርስም፤ ምክንያቱም ያገደው የመስመሩ ጥበት ሳይሆን መስኮቱ ለርቀቱ አለመመጠኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 መስኮቱን የማስፊያ ዘዴ ተደንግጎ ችግሩ በዘመናዊ ኮምፒውተሮች ዘንድ ተቃልሏል፤ ይሁን እንጂ በመካከል ያለ፣ ፓኬቶችን የሚያጣራ አሮጌ ፋየርዎል ይህን ማስፊያ ከፓኬቱ ላይ ሲያጠፋው ያው ችግር ይመለሳል፤ ስሌቱን የማያውቅ ባለሙያም ሌላ መስመር እንዲገዛ ከመምከር በቀር ምርጫ አይኖረውም።

በዚህ ዘርፍ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚማረው ታላቅ አብነት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1986 የደረሰው ነው። በካሊፎርኒያ በሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪና በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ርቀት 365 ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ፣ በመካከላቸው የሚተላለፈው መረጃ በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት አሽቆለቆለ። የተበላሸ መሣሪያ አልነበረም፤ የተቆረጠ ገመድም አልነበረም። ምክንያቱ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ደንቡን ማክበሩ ነበር፤ ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት የራውተሮች ማቆያ ሲሞላ ትርፉ ፓኬት ይጣላል፣ ላኪዎች የጠፋ ሲመስላቸው ደግመው ይልካሉ፣ የተደገመው ደግሞ የሞላውን ማቆያ ይብሱን ያጨናንቀዋል። ቫን ጄኮብሰን የተባለው ተመራማሪ ከማይክል ካረልስ ጋር ሆኖ መፍትሔውን አበጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጽሑፍም ላኪው በአንድ ፓኬት ጀምሮ መጠኑን በየደርሶ መልሱ እያጠፈ እንዲጨምር፣ ከተወሰነ መጠን በኋላ ግን በጥቂት በጥቂቱ እንዲያሳድግና የጠፋ ፓኬት ሲያይ መጨናነቅ እንዳለ ቆጥሮ እንዲቀንስ ሐሳብ አቀረበ። ማንም ማዕከላዊ ተቆጣጣሪ ሳይኖር፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ላኪዎች አንዱን መስመር ተካፍለው መጠቀም የቻሉት በዚህ ዓይነቱ ደንብ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪው ደንቡን መሸምደድ ሳይሆን፣ ቅነሳው በብዜት ጭማሪው ግን በድምር የሚሆንበትን ምክንያት በሒሳብ ማሳየት ይጠበቅበታል። ጉዳዩ ተዘግቶም አላለቀም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጎግል ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ቢቢአር የተባለ ስልት የጠፋ ፓኬትን ከመጠበቅ ይልቅ የመስመሩን አቅምና የደርሶ መልሱን ጊዜ እየለካ ፍጥነቱን ይወስናል፤ ከቀድሞዎቹ ስልቶች ጋር አንድ መስመር ሲጋራ ድርሻው ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑም ብዙ ጥናት የተሠራበት ጥያቄ ሆኗል።

ከመጨናነቅ ጥናት ሥር ያለው ሒሳብ የወረፋ ጥናት ሲሆን፣ መሠረቱን የጣለው እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪዎችን ያጠናው የዴንማርኩ አግነር ኤርላንግ ነው፤ ሊናርድ ክላይንሮክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ባጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናቱ ወደ መረጃ ኔትወርኮች አመጣው። በጣም ቀላል በሆነው የወረፋ ሞዴል አንድ መስመር ከአቅሙ 50 በመቶ ሲሠራ ፓኬት የሚቆይበት አማካይ ጊዜ ባዶ መስመር ላይ ከሚቆይበት እጥፍ ነው፤ 90 በመቶ ሲደርስ አሥር እጥፍ፣ 99 በመቶ ሲደርስ ደግሞ መቶ እጥፍ ይሆናል። ኔትወርኩ ሳይሞላ መዘግየት የሚጀምርበት ምክንያት ይህ ነው። ለብዙ የቴክኖሎጂ ተመራቂዎች ፈተና የሚሆነውም ይኸው ክፍል ነው፤ በፕሮባቢሊቲና በስታቲስቲክስ ደካማ የሆነ ተማሪ መሣሪያ የማዋቀር ልምዱ ብዙ አያድነውምና፣ ከመመዝገቡ በፊት እነዚህን ቢከልስ ይሻለዋል።

ቀሪዎቹ ኮርሶች ገመድ አልባ ግንኙነትን፣ የኔትወርክ ደኅንነትንና የመረጃ መንገድ አመራረጥን ይመለከታሉ። የመጨረሻው በተለይ ትኩረት ይገባዋል፤ በዓለም ያሉ የኔትወርክ ድርጅቶች ወደ የትኛው አድራሻ በየት በኩል እንደሚደረስ የሚነጋገሩበት ቢጂፒ የተባለው ፕሮቶኮል በመተማመን ላይ የቆመ ነውና። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት ያወጣው የመንገድ ማስታወቂያ ወደ ውጭ አምልጦ በዓለም ዙሪያ ወደ ዩቲዩብ የሚሄደውን ግንኙነት ለሁለት ሰዓት ያህል አስቶታል። ሌላው ሰፊ መስክ ሶፍትዌር መር ኔትወርክ ሲሆን፣ ውሳኔ ሰጪውን ክፍል ከየመሣሪያው አውጥቶ በአንድ ፕሮግራም ሥር የሚያደርግ አሠራር ነው፤ ማርቲን ካሳዶ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከሠራው የዶክትሬት ጥናት ጋር በቅርብ የተያያዘው ይህ ሐሳብ ኒሲራ የተባለ ኩባንያ ወልዷል፤ ኩባንያውንም እ.ኤ.አ. በ2012 ቪኤምዌር በ1.26 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በተለምዶ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ መጀመሪያ ኮርስ ይወሰዳል፣ ከዚያ በአማካሪ መምህር ሥር የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘጋጃል፤ አመልካቾችም አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ኔትወርኪንግ ራሱን የቻለ የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም ያለው ሲሆን፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ዘርፉን በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በቴሌኮሙኒኬሽን ምሕንድስና ሥር ያስተምራሉ። ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚያገለግሉት ዋና ዋና መሣሪያዎች በነጻ ይገኛሉ፤ ኤንኤስ-3 የኔትወርክን ጠባይ በኮምፒውተር አስመስሎ ያሰላል፣ ሚኒኔት በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ብዙ ስዊቾች ያሉትን ኔትወርክ ይፈጥራል፣ ዋየርሻርክ ደግሞ በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ፓኬት ገልጦ ያሳያል። ቀላልነታቸው ግን አደጋ አለው፤ በምናባዊ ኔትወርክ ላይ ብቻ ተሞክሮ አዲሱ ስልት ከአሮጌው በዚህን ያህል በመቶ ይበልጣል ብሎ የሚደመድም ጽሑፍ፣ የገባው ግምት ከእውነተኛው መስመር ጋር ካልተመሳከረ ለማንም አይጠቅምም።

በእውነተኛው መስመር ላይ ሊለካ የሚገባው ጥያቄ ደግሞ በአገሪቱ ሞልቷል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ከጀመረ ወዲህም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሁለተኛ ኦፕሬተር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሰዎች በሁለቱ ኦፕሬተሮች ሲገናኙ ፓኬታቸው ከተማው ውስጥ ይሻገራል ወይስ ከአገር ወጥቶ ይመለሳል? በቀኑ የተለያየ ሰዓት የደርሶ መልሱ ጊዜ ምን ያህል ይለዋወጣል? መብራት ሲጠፋ የትኛው የመንገዱ ክፍል ቀድሞ ይቋረጣል? እነዚህን ለመመለስ ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ፓኬት ያለፈባቸውን ራውተሮች በቅደም ተከተል የሚዘረዝረው ትሬስራውት የተባለው ፕሮግራም፣ ሁለት ሲም ካርድ፣ በየአሥር ደቂቃው ልኬቱን የሚደግም ትንሽ ኮምፒውተርና ውጤቱን ለወራት በትዕግሥት የሚመዘግብ ተማሪ ይበቃሉ።