በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን

ሸዋሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ፀሐይዋ ብርቱ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ደጅ ለሚውል የባጃጅ ሾፌር ጥቁር መነጽር ቅንጦት አይደለም። መነጽሩ ፖላራይዝድ ከሆነ ደግሞ ስልኩን ቀስ ብሎ ሲያዞረው ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ በአንዱ አኳኋን ጭልም ይልበታል። ስልኩ ግን ደህና ነው።

ብርሃን ሞገድ ነው፤ ወደ ፊት ሲጓዝ ወደ ጎን ይርገበገባል። ከፀሐይም ከአምፖልም የሚወጣው በየአቅጣጫው የሚርገበገብ ሲሆን፣ ፖላራይዝድ የሚባለው አንድ አቅጣጫ ብቻ የያዘው ነው። መነጽሩም ስክሪኑም አንዱን አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ አላቸው። ሁለቱ ሲጣረሱ ብርሃኑ መንገድ ያጣል። ንብ ይህን ልዩነት ያለ መነጽር ታያለች፤ ፀሐይ በደመና ስትሸፈን እንኳ በሚታያት ቁራጭ ሰማይ ፖላራይዝድ ብርሃን አቅጣጫዋን ታውቃለች።

በየገጠሩ ኩራዝን እየተካ ያለው የሶላር መብራትም ሆነ የኤል ሲ ዲ ስክሪን የጀርባ ብርሃን የሚመነጨው ከኤል ኢ ዲ ነው። ኤል ኢ ዲ ማለት ሁለት ዓይነት ሰሚኮንዳክተር የተጋጠሙበት ቅንጣት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ኤሌክትሮኖች በመጋጠሚያው ላይ ትርፍ ጉልበታቸውን ብርሃን አድርገው ይለቁታል። ከጋሊየም ናይትራይድ ለሚሠራው ሰማያዊው ኤል ኢ ዲ ሦስቱ ሳይንቲስቶች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

የተለመደው ኤል ኢ ዲ ብርሃን ግን አቅጣጫ አይመርጥም። ስለዚህ የስክሪኑ ማጣሪያ ግማሽ ያህሉን ይውጠዋል፤ ባትሪው የከፈለበት ብርሃን ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስልኩን በሶላር ለሚሞላ የቆላ ገበሬ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

መፍትሔው ከክሪስታሉ ይጀምራል። የጋሊየም ናይትራይድ ክሪስታል ባለ ስድስት ጎን ነው። በተለመደው የላይኛው ገጹ ሳይሆን በጎኑ ላይ ሲያሳድጉት አቅጣጫዎቹ እኩል መሆናቸው ይቀራል፤ ብርሃኑም ገና ሲወጣ በአመዛኙ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ናካሙራ በሚያስተምሩበት በሳንታ ባርባራው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉ ኤል ኢ ዲዎች ተሠርተዋል። ሁለት እንቅፋቶች ግን አሉ፦ በጎን የሚያድገው ክሪስታል ትንሽና ውድ ነው፤ ሰማያዊውን ወደ ነጭ የሚለውጠው ቢጫ ፎስፈርም አቅጣጫውን መልሶ ይበታትነዋል።

የፊዚክስ መምህራን ሆይ፣ ትምህርቱ ላቦራቶሪ እስኪሠራ አይጠብቅ፤ አንድ ስልክና አንድ ፖላራይዝድ መነጽር ይዛችሁ ክፍል ግቡ።