ፓምፕን ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ አመራረጥ፤ ለሐረር አስመጪዎችና ባለሱቆች

እንደሚታወቀው በሐረር ውሃ የሚታደለው በፈረቃ ነው። ስለዚህም በጀጎል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ አቅም የፈቀደለት ሁሉ ሮቶ ገዝቶ፣ ውሃው በመጣ ቀን ሞልቶ በቀረ ቀን ይጠቀማል። ሮቶው ከመሬት የተቀመጠ እንደ ሆነ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ፓምፕ በገባበት ቤት ደግሞ በጊዜው የሚያበራውና የሚያጠፋው መሣሪያ የግድ ነው። ይህ መሣሪያ በዋጋው ከፓምፑ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ አስመጪውም ባለሱቁም ብዙ ሳይመረምሩ ይገዙታል። ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሥራው ለአንድ ነጋዴ የማዘዣ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ከዚህ ቀደም «ባለ 16 አምፔር ተንሳፋፊ ማብሪያ» ብለን አዝዘን፣ ዕቃው በጊዜው ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሸጦ አለቀ። ከዚያም ገዢዎቻችን አንድ በአንድ ይመለሱ ጀመር። የአንዱ ፓምፕ አልጠፋ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ፣ ሮቶው ሞልቶ ውሃው በጠባቡ መንገድ ሲወርድ ነግቷል። ወሩ ውሃ የጠፋበት ወር ነበርና ጎረቤቶቹ ጀሪካን ይዘው ሲወጡ ያዩት ይህንኑ ነው። ሰውየው ገንዘቡ ተመልሶለታል፤ ከጎረቤቶቹ ፊት ያፈረው ሐፍረት ግን በገንዘብ የሚመለስ አልሆነም።

ምክንያቱን ስንመረምር በዕቃው ላይ «16(4)» የሚል ጽሑፍ አገኘን። ከቅንፉ ውጭ ያለው ቁጥር እንደ ውሃ ማሞቂያ ላለው ሸክም ሲሆን፣ በቅንፍ ውስጥ ያለው ለሞተር የተፈቀደው ልክ ነው። አንድ የፈረስ ጕልበት ያለው ፓምፕ በ220 ቮልት ሲሠራ 5 ወይም 6 አምፔር ያህል ይስባል፤ በሚነሣበት ቅጽበት ደግሞ የዚህን ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። የማብሪያው ከንፈሮች ይህን ሸክም መሸከም ተስኗቸው፣ በእሳት ብልጭታ እየተቃጠሉ በመጨረሻ ተጣብቀው ቀሩ። ዕቃው ሐሰተኛ አልነበረም፤ በላዩ የተጻፈውም እውነት ነበር። ጥፋቱ የደብዳቤያችን ነው፤ የሞተሩን ልክ አልጠየቅንምና። ርካሽ ዕቃም እንደ ውሃ ነው፤ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ስለሆነም ማንም ነጋዴ ከማዘዙ በፊት የሚከተሉትን ነገሮች ቢያጣራ ይጠቀማል።

አንደኛው ሮቶው የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። በጀጎል ያሉት የቆዩ ቤቶች ጠፍጣፋ ጣራቸው በእንጨትና በአፈር የተሠራ ስለ ሆነ ይህን ክብደት እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ ጀጎልም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ በመሆኑ በቤቶቹ ላይ ጥንቃቄ ማድረግ ተገቢ ነው። ለእነዚህ ቤቶች የሚስማማው ከግቢ መሬት ላይ የተቀመጠ ሮቶና ቧንቧ ሲከፈት ፓምፑን የሚያስነሣ፣ ሲዘጋ የሚያቆም፣ በግፊት የሚሠራ መሣሪያ ነው። ከግንቡ ውጭ በብረትና በኮንክሪት ለተሠሩት ቤቶች ግን መሐንዲስ ከፈቀደ ሮቶውን ከላይ አስቀምጦ በተንሳፋፊ ማብሪያ መሙላት ቀላልና ርካሽ ይሆናል።

ሁለተኛው የሕንፃው ከፍታ ነው። በግፊት ከሚሠሩት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ፓምፑን የሚያስነሡት ግፊቱ ወደ 1.5 ባር ሲወርድ ነው። አንድ ባር 10 ሜትር ያህል ቁመት ካለው ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው። እንግዲህ ከመሣሪያው በላይ ያለው ቧንቧ 15 ሜትር ከደረሰ፣ በቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ ራሱ ግፊቱን ስለሚይዘው ከፎቅ ያለው ሰው ቢከፍትም ፓምፑ አይነሣም። ለአንድና ለሁለት ደርብ ቤት ይህ አያሳስብም፤ ለረጅም ፎቅ ግን የማስነሻ ግፊቱ የሚስተካከለውን ዓይነት ማዘዝ ይገባል።

ሦስተኛው የሐረር ከፍታ ነው። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት ውሃን እስከ 10 ሜትር ያህል ሊገፋ ይችላል። ሐረር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ስምንት ሜትር ከሚያህል አያልፍም፤ በሥራ ላይ ደግሞ ከአምስት ወይም ከስድስት ሜትር በላይ መተማመን አይገባም። ስለዚህ ከመሬት በታች ጥልቅ ማጠራቀሚያ ላለው ገዢ፣ በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈውን የመሳቢያ ጥልቀት ቀንሶ መንገር የባለሱቁ ግዴታ ነው።

አራተኛው መሣሪያው በችግር ጊዜ የሚያደርገው ነው። የታችኛው ሮቶ ባዶ ሲሆን ፓምፑን ማቆም አለበት፤ ያለ ውሃ የሚሽከረከር ፓምፕ ማኅተሙ ይቃጠላልና። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ሰው ሳይነካው ራሱ ሥራውን መቀጠል ይኖርበታል። ባለቤቱ ገበያ ውሎ ማታ ሲመለስ ሮቶውን ባዶ ካገኘው መሣሪያውን መግዛቱ ከንቱ ነው።

በዚህ ረገድ ከሌሎች ልንማር እንችላለን። በውጭ አገር የባሕር ኮራልና ዓሣ በቤታቸው በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። የገንዳው ሙቀት 25 ዲግሪ ገደማ፣ ጨውነቱ በኪሎ 35 ግራም ያህል ሆኖ እንዲቆይ ግድ ስለ ሆነ፣ የተነነውን ውሃ የሚተካ መሣሪያ ይተክላሉ። ከእነርሱ መካከል ጠንቃቆቹ በአንድ ተንሳፋፊ አይተማመኑም፤ ከመጀመሪያው ጥቂት ከፍ አድርገው ሁለተኛ ያኖራሉ፤ ፊተኛው ቢጣበቅ ኋለኛው ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ሁለተኛ ተንሳፋፊ የሚጠይቀው ዋጋ ጥቂት ነው፤ የእኛም ገዢ ይህን አስቀድሞ ቢያደርግ ኖሮ ውሃው በመንገድ አይፈስም ነበር።

በተረፈ አንድ ነገር ለገዢ ሁሉ መነገር አለበት። ፓምፕ የሚስበው ከራስ ሮቶ እንጂ በቀጥታ ከከተማው መስመር መሆን የለበትም። በመስመሩ ላይ ፓምፕ የተከለ ሰው የጎረቤቱን ድርሻ ከመውሰዱም በላይ፣ ቧንቧው ተሰንጥቆ ባለበት ስፍራ ሁሉ እድፍ ወደ ውስጥ እንዲሳብ ያደርጋል፤ ያን የቆሸሸ ውሃም ከሌሎች ጋር አብሮ ይጠጣዋል።

የዚህን ነገር ክብደት ለማወቅ የሐሮማያን ሐይቅ ማስታወስ ይበቃል። ሐይቁ ለአያሌ ዓመታት ሐረርን ያጠጣ ነበር። በዙሪያው የተተከሉት ፓምፖች ለጫትና ለአትክልት ማሳ ያለ ልክ ሳቡ፤ ከተሞችም ሳቡ፤ ከተራራው የታጠበው ደለል ሞላበት፤ ፀሐይም ድርሻዋን ወሰደች። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ሐይቁ ደረቀ። ከዚያም ወዲህ ሐረር ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በብዙ የኤሌክትሪክ ኀይል ወደ ላይ የሚገፋ ውሃ መጠበቅ ግድ ሆነባት። ሐይቁ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መልሶ ውሃ መያዙ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ማቆሚያ የሌለው ፓምፕ ምን እንደሚያደርግ ካሳየን በኋላ ነው።

ስለዚህ የማዘዣው ደብዳቤ ቮልቱንና ሳይክሉን (220 እና 50)፣ ለሞተር የተፈቀደውን አምፔር፣ የማስነሻውን ግፊት፣ ያለ ውሃ እንዳይሠራ የሚከላከል መሆኑን፣ መብራት ሲመለስ ራሱ የሚነሣ መሆኑን፣ እንዲሁም ውሃ እንዳይገባበት የተሰጠውን የመከላከያ ደረጃ በግልጽ ይጠይቅ። ዕቃው ሲደርስም ባለሱቁ ከእያንዳንዱ ካርቶን አንዱን አውጥቶ፣ በትክክለኛው ፓምፕ ላይ ገጥሞ፣ በባልዲ ውሃ ደጋግሞ ይፈትነው። እኛ ከዚያ ወዲህ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የተመለሰ ዕቃ ግን አላየንም።